«መብራት መጣ!» ሲባል ክው አልኩ

«ተመስገን፣ መብራት መጣ!» ብለው ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ ዛሬ ጠዋት ሲጮኹ ክው ብዬ ቀረሁ።

መብራት አልመጣም ነበር። ጣሪያዬ ላይ የሰቀልኩትን ሶላር በገዛ እጄ ከቤቴ መስመር ጋር አገናኝቼ ያበራሁት እኔ ነኝ። (በስልክ ቪዲዮ የተመረቅኩ ኢንጂነር!)

እዚህ ሞጣ መብራት ሲመለስ ቶሎ እንድናውቅ ቆጣሪ አናጠፋም። እኔም አላጠፋሁም። ለካ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭው መስመር ወጥቶ እሳቸው ቤት ገብቷል።

በራችን ፊት ያለው ምሰሶ ላይ ደግሞ የመስመር ሠራተኛ ወጥቶ፣ ሽቦውን ሊይዝ እጁን ዘርግቷል።

«እንዳትነካ!» ብዬ ጮኼ ሮጥኩና ቆጣሪውን አጠፋሁ።

ሰውየው ወርዶ አልተቆጣኝም። «ሁለት ልጆች አሉኝ» ብቻ አለኝ።

እናንተስ ሰው ልትገድሉ ለጥቂት የተረፋችሁበት ቀን አለ? እትዬ ጥሩዬ «ምነው መብራቱ ወዲያው ሄደ?» እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?