የዳመና እባጭ

ሆስፒታሉ ውስጥ አልኮል ሲሸተኝ ሚዛን ተፈሪ ያለው ግቢያችን፣ ቡናው ሥር የነበረው የጥንቸሌ ጎጆ ትዝ አለኝ። ስሙ ዳመና ነበር፤ እቅፌን የሚሞላ ትልቅ ግራጫ ጥንቸል። አገጩ ሥር እባጭ ወጣበትና ሣር ማኘክ አቃተው።

የእንስሳት ሐኪሙ ላማችንን ሊያይ ሲመጣ ዳመናን አቅፌ ፊቱ ቆምኩ። መናገር ግን አፈርኩ። እባጩን ዳሰሰና እጁን በአልኮል እየጠረገ፣ "በቀዶ ጥገና ይወጣል። ሲቀደድ ሊሞት ይችላል፤ ካልተነካ ግን መሞቱ አይቀርም። ባለቤቱ ይወስን" አለ።

ባለቤቱ እኔ ነበርኩ። እሱ ግን የሚያየው አባቴን ነበር።

"ቢድን አይበላ" ብሎ ሳቀ አባቴ። "ሃይማኖታችን ጥንቸል አያስበላም፤ ቤት የገባውም ልጅቷ አልቅሳ ነው። ይልቅ ላሚቱን እያት።"

ሐኪሙም አብሮት ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ እንቅርቷን ሸፈነችና፣ "ተይው የኔ ልጅ፣ ለእኔም ያላሰቡ ለጥንቸል አያስቡም" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም፤ የተናደድኩት ለዳመና ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሞተ።

ዛሬ እዚህ የመጣነው ያ እንቅርት አድጎ እናቴን ምግብ መዋጥ ስለከለከላት ነው። ዶክተሩ ስለ ቀዶ ጥገናው አስረድቶ "እንግዲህ ምን ወሰናችሁ?" ሲል ፊቱን ወደ አባቴ አዞረ። አባቴም ሊመልስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ፊት መናገር አሁንም ያስፈራኛል፤ ንዴቱ ግን በለጠብኝ።

"ዶክተር፣ አንገቱ የእሷ ነው። እሷን ይጠይቋት" አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደች።

"ይውጣልኝ" አለች።