የአቶ ፈንቴ አፋልጉኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ሥራውን ሊያሳየኝ መጣ። ለጣና ዳር ማረፊያ የሠራው ድረ ገጽ ነው። ሲከፈት ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ ነጫጭ ወፎች ከግራ ወደ ቀኝ ይበርራሉ፤ የክፍሎቹ ስም አንድ በአንድ ብቅ እያለ ይጠፋል። እውነት ለመናገር ያምራል። እኔ ግን እንደ ልማዴ፣ የኢንተርኔት መፈለጊያ በሚያነበው መልክ እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት። ከፈተው። ነጭ ባዶ ገጽ ሆነ። ይህን ደግሞ ማን ያየዋል ብሎ ሳቀ። መሳቅ አልቻልኩም፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከሱ የባሰ ሠርቻለሁና።

ያን ጊዜ የምሠራው መናኸሪያው አጠገብ ባለ የጽሕፈት መሣሪያና ኮምፒውተር ቤት ነበር። ባለቤቱ ከወረታ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ሐሊማ በር አጠገብ ተቀምጣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የፈተና ወረቀት ስትተይብ ትውላለች። እኔ ደግሞ «ዲዛይነሯ» ነኝ። አባቴ ከአሰላ መጥቶ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባ ሰው ነው፤ የኮምፒውተር ትምህርት ሲያስተምረኝ የተበደረውን ተስፋ ሁሉ በአንድ ዓመት መክፈል የፈለግኩ ይመስለኛል። ኩራቴ አይጣል ነበር።

አፋልጉኝ የማይመጣበት ሳምንት አልነበረንም። ሰው የጠፋበት ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ሐሊማ ትተይባለች፤ አትመን እንሰጣለን፤ በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል። ደብሬ የመጣችው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የጣናዋ የደቅ ደሴት ሰው ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷን አቶ ፈንቴን ዓይናቸውን ልታሳክም በጀልባ ይዛቸው መጥታ ነበር። ሽማግሌው መርሳት ጀምረዋል። መናኸሪያው አጥር ሥር አስቀምጣቸው ዳቦ ልትገዛ ሄደች፤ ስትመለስ የሉም። አንድ ሰው የጎንደር መኪና ሲሳፈሩ አይቻለሁ ስላላት እስከ ጎንደር ድረስ በየከተማው እየወረደች ጠይቃለች። አንድም የሚያውቅ አልተገኘም።

አዘንኩላት። እውነተኛ ኀዘን ነበር፤ ይህን ለራሴ አልነፍገውም። ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ ዓለም በሙሉ የሚያየው ድረ ገጽ በነጻ እሠራልሻለሁ አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። ሲከፈት ሐይቁ ይናወጣል፣ ከማዕበሉ ውስጥ የአቶ ፈንቴ ስም ፊደል በፊደል ይወጣል፣ ከዚያ ፎቷቸው ቀስ ብሎ ይደምቃል፣ መንደራቸው፣ የልጃቸው ስም፣ ስልካችን ይከተላል። ያን ጊዜ አማርኛ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ስለነበር ጽሑፉን በሙሉ ወደ ሥዕል ቀየርኩት። ሐሊማ አየችና፣ «ስማቸውን እኔ በፊደል ልተይበው፤ ከሥር ይቀመጥ» አለችኝ። ውበቱን ያበላሸዋል ብዬ ከለከልኳት።

አሁን ለተማሪዎቼ የመጀመሪያ ቀን የምነግራቸውን ነገር ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። መፈለጊያ ዓይን የለውም። የሚያነበው የተተየበ ፊደል ነው፤ የገጹን ርእስ፣ ከፎቶ ሥር የተጻፈውን መግለጫ፣ የየገጹን አድራሻ። የእኔ ሥራ ከላይ እስከ ታች አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነበር። ርእሱ እንኳ ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣለት «አዲስ ገጽ» የሚል ነው። ስማቸው እዚያ ነበር፤ ለሚፈልጋቸው ግን አልነበረም።

ደብሬ ስታየው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆየች። «ሊያናግረኝ ነው እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ ጀልባ ወደ ከተማ ባመጣት ቁጥር ትመጣለች። አንዳንዴ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ፣ አንዳንዴ ማንጎ ይዛ፤ ሱቁ በሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አልተደወለም እላታለሁ። ክፈችልኝ ትለኛለች፤ እከፍትላታለሁ፤ የአባቷ ስም ከውሃው ሲወጣ አይታ ትሄዳለች።

ሰኔ ላይ ሐሊማ የሽማግሌውን ስም መፈለጊያው ላይ ብትጽፈው ምንም እንዳልመጣላት ነገረችኝ። አዲስ ገጽ ጊዜ ይወስዳል አልኳት። መፍራት ሲገባኝ የተናደድኩት ምን ሆኜ እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል።

ጳጉሜን ላይ ለዘመን መለወጫ አሰላ ወደ ዘመዶቻችን ሄድኩ። ሐሊማ ሳትነግረኝ አንድ ተራ ገጽ ጨመረች፤ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ። ርእሱ «አፋልጉኝ፦ አቶ ፈንቴ አድማሱ፣ ከደቅ ደሴት» ይላል። ከፎቶው ሥር የማን ፎቶ እንደሆነ ጽፋለች፤ የደብሬን ስምና ስልካችንንም እንደዚሁ። ስመለስ አይቼ አፈርኩበት፤ ላጠፋው እጄን ከሰነዘርኩ በኋላ ለነገ ያልኩት ደክሞኝ ብቻ ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ስልክ ተደወለ። ከዱርቤቴ ነው፤ ባንቺአምላክ የሚባሉ መምህርት። ሐሊማ ስታዳምጥ ቆይታ መነጋገሪያውን ሰጠችኝ። አቶ ፈንቴ ተገኝተዋል፤ ግን ነሐሴ ላይ አርፈዋል። የሐሊማ አባት ነገሩን ሲሰሙ፣ መንገድ ላይ እንዳትነግሯት፣ የሚደግፋት ሰው ባለበት ይረዷት አሉ። ለደብሬ በጀልባ የላክነው አባትሽ የነበሩበት ቤት ተገኘ የሚል ብቻ ነበር።

ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ሰባታሚትን ካለፈ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ከሥሩ ጭቃው ገና አልደረቀም። ደብሬ ወሬዋ አላልቅ አለ። ጥርስ የለውም እንጂ ምግብ አይመርጥም አለች። እኔን ባይለየኝ እንኳ ድምፄን ያውቃል አለች። መራዊ ላይ ስንቆም ሴቶች ትኩስ የተጠበሰ እሸት በመስኮት አቀረቡልን። ሁለት ገዛች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሌላውን ሙቀቱ እንዳይወጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው። ለሱ ነው፣ እየፈለፈልሁ አጎርሰዋለሁ አለችኝ። የእኔን እሸት መብላት አቃተኝ። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ዋሸሁ።

ዱርቤቴ የመምህርቷ ግቢ ውስጥ የሰፈር ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ስንገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ደብሬ ማንም ሳይነግራት ገባት። ጩኸቷን አልገልጸውም። ሴቶቹ ሲይዟት እሸቱ ከነጠላዋ ወድቆ መሬት ላይ ቀረ።

ሲረጋጋ መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጠው አወሩን። ሽማግሌው ጥር ላይ ከመኪና ወርደው መንገድ ዳር ቆመው አገኟቸው። ቤታቸው አስገቡ፣ ልብስ አጠቡላቸው። ከስማቸው ሌላ የሚሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቤቴ ከውሃው ማዶ ነው፣ ደብሬን ጥሩልኝ። ውሃው ግልገል አባይ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ወንዙን አሻግረው በየመንደሩ አስጠይቀዋል። ነሐሴ ላይ ብርድ መታቸው፤ ሳምንት አልቆዩም። የሰፈሩ እድር ቀበራቸው።

«በስልኬ ስንት ጊዜ ጻፍሁት» አሉ መምህርቷ። «ፈንቴ ብየ፣ ደብሬ ብየ፣ አፋልጉኝ ብየ። በጾሙ ጻፍሁ፣ በግንቦት ጻፍሁ፣ ሐምሌ ላይ ጻፍሁ። ምንም የለም። ለአርባቸው ዘመድ ባገኝ ብየ እንደገና ብሞክር ከላይ መጣልኝ።»

በልቤ ወሮቹን ቆጠርኩ። ገጼ ከየካቲት ጀምሮ እዚያው ነበር። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ለግማሽ ቀን እንኳ የሚበቃ መንገድ አይደለም። ልናገር አፌን ስከፍት ደብሬ ዞራ ጉልበቴን ሳመች። «አንቺ ባትኖሪ መቃብሩንም አላይ ነበር» አለችኝ።

ዝምታዬ ዓመታት ቆየ። ሐሊማ አግብታ ወረታ ገባች፤ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ደብሬ በየዓመቱ ነሐሴ የአባቷን ዝክር በምታወጣበት ቀን ትደውልልኛለች፤ ትመርቀኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። ልጅ ስወልድ የመጀመሪያውን የገንፎ ቅቤ ያመጣችልኝ እሷ ናት።

አምና ለሕክምና ባሕር ዳር መጥታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት። ማንበብ ስለማትችል ቀስ ብዬ ነው ያስረዳኋት። ውሃውን እያየች አዳመጠችኝ።

«ያን ጊዜ ስሙ እዚያው ነበር?» አለችኝ።

«ነበር።»

«መምህርቷም ጠርተውታል?»

«ጠርተውታል።»

ጀልባው እንዳያመልጣት ተነሣች፤ ልሸኛት ብል በእጇ ተይው አለችኝ።

ሸክም ይቀልልኛል ብዬ ነበር የተናገርኩት። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት አባቴ ሊገኝ የማይችልበት ቦታ ነበር ብላ ልቧን አሳርፋ ኖራለች። እኔ ያንን ወሰድኩባት፤ በምትኩ የሰጠኋት እሷ ዓሣ ይዛ ስክሪኔ ፊት በቆመችባቸው ቀናት አባቷ በሕይወት እንደነበሩና አንድ የተተየበ መስመር ብቻ እንደቀራቸው ነው። እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር፣ አዎ፤ በዚያች ግቢ፣ በዚያች ቀን ግን ነበር የሚገባኝ። ዘንድሮ ነሐሴ አለፈ፤ ደብሬ አልደወለችም። እኔም ስልኩን አንስቼ ብዙ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።