የግምጃ ቤት ስልጆ በቤይሩት

ሰርክአዲስ ወገኔ እንጅባራ አቅራቢያ ባለችው ግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ሳለች ድስት አይታ ሳትከፍት አታልፍም ነበር። እናቷ ወይዘሮ አምሳለ ዘወር ካሉ ወይ ያልታዘዘ ዝንጅብል ትጨምራለች፣ ወይ ከጓሮ ያገኘችውን ቅጠል ትበጥስበታለች። አባቷ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ከጸሎቱ ቀጥሎ የሚጠይቁት፣ ዛሬ ደግሞ ወጡን የነካው ማን እንደሆነ ነበር። ስለዚህ ለቤት ሥራ ቤይሩት ልትሄድ ስትነሳ ወይዘሮ አምሳለን ከመንገዱ ርቀት ይልቅ ያሳሰባቸው የዚህች ልጅ እጅ ነው። ያሏትን ብቻ እንድትሠራ አስጠንቅቀው፣ መርቀው ሸኟት።

የገባችበት ቤት ማዳም ሪማ የሚሏት ሴት ቤት ነው። ከማዳም ጋር እናቷ ይኖራሉ፤ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ስለሆነ ሁሉም ተይታ ይሏቸዋል። ሰርክአዲስ ያሏትን ብቻ እየሠራች ጥቂት ወራት ቆየች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቤቱ ውስጥ ሥጋውና እርጎው አይቋረጥም፤ እሷ ግን ዳቦና ወይራ እያኘከች ሰነበተች። አፏ ስልጆ አለ።

ባቄላው በየሱቁ ሞልቷል። ሰናፍጩንም ከቅመም ነጋዴ አገኘች። ቸግሯት የነበረው ጤና አዳሙ ነው። ወደ ግምጃ ቤት ደውላ ብትጠይቅ እናቷ ያለ ጤና አዳም ስልጆ ብሎ ነገር እንደሌለ ነግረዋት ስልኩን ዘጉት። እሷም በምትኩ የአገሩ ሰዎች ናዕናዕ የሚሉትን የናና ቅጠል ጨመረችበት።

የመጀመሪያውን በጠርሙስ አድርጋ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሸሸገችው። ሲብላላ ሽታው ቤቱን ሞላው። ማዳም የፍሳሽ ቱቦ ተበላሽቷል ብላ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው ቱቦውን ሁሉ ሲፈታ ሲያስር አረፈደ፤ ሰርክአዲስም የእጅ ባትሪ ይዛ እያበራችለት አብራው ስትፈልግ ቆየች። በመጨረሻ ጥፋቱ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቶች ነው ብሎ ሄደ። እሷም ጠርሙሱን በስውር ደፋችው።

ሁለተኛውን በሽምብራ ሞከረችው፤ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ለሦስተኛው ባቄላውን ለብ ለብ አድርጋ ቆልታ ፈጨችውና ቀጠን አድርጋ አበሰለችው። በሱፍ ፈንታ የተፈጨ ሰሊጥ ጨመረችበት፤ ሎሚም ጠብ አደረገችበት። ሽታው እንዳይወጣ በደንብ ከድና በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ሲደርስ ቀመሰችውና ብቻዋን ሳቀች፤ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጣም ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው።

እሑድ እሑድ የማዳም ወንድም ኡስታዝ ፋዲ ምሳ ይመጣል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ስለ ምግብ የማያውቀው ነገር አለ ብሎ የደፈረው ሰው የለም። የዚያን እሑድ ማዳም ፍሪጅ ውስጥ ያገኘችውን ጎድጓዳ ሳህን የተለመደው የሽምብራ ማባያ መስሏት ገበታ ላይ አኖረችው። ሰርክአዲስ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ስታይ ፋዲ በዳቦ ዝቆ ጎርሶ ነበር። ሰናፍጩ አናቱ ላይ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ በልቧ ሻንጣዋን ማሰር ጀመረች።

ፋዲ ዓይኑን ጠራረገና፣ "አያቴ እንዲህ ትሠራ ነበር" አለ። "ነጭ ሽንኩርቱን ግን ታበዛው ነበር።"

ማዳም ምን እንደሆነ ብትጠይቃት ሰርክአዲስ የተራራ አገር ምግብ ነው አለች። የትኛው ተራራ ብሎ የጠየቃት ስለሌለ ዋሸች አይባልም።

በማግስቱ ተይታ ከዘራቸውን እየመቱ ወጥ ቤት ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"የፋዲ አያት ማለት የእኔ እናት ናት" አሏት። "እናቴ እንቁላል መቀቀል እንኳ አትችልም ነበር። አሁን እውነቱን ንገሪኝ።"

ነገረቻቸው። ባቄላውን፣ ሰናፍጩን፣ የቧንቧ ሠራተኛውንም ሳይቀር። አሮጊቷ እየሳቁ አገሯን ሲጠይቋት ግምጃ ቤት አለቻቸው። ቤት የምትለዋን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ በእነሱም አገር ስንት መንደር በዚችው ቃል ይጠራል፣ በይት ይሏታል እንጂ ያው ቤት ናት።

"ለፋዲ እንዳትነግሪው" አሏት። "ዕድሜውን ሙሉ የእኔን ወጥ ጨው አነሰው፣ ጨው በዛው ሲል የኖረ ልጅ ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ተይታ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ይህ ምግብ እዚያው አገር ጊምጃ በይት ከሚባል የተራራ መንደር የመጣ መሆኑን ለገበታው አስረዱ። ፋዲ መንደሩን በወጣትነቱ እንደሚያውቀው ተናገረ፤ ውኃው ቀዝቃዛ፣ ሰዉ እንግዳ ተቀባይ፣ ግን ግትር ነው አለ። ሰርክአዲስ ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን አፏ ውስጥ ወተፈች። ስለ ግምጃ ቤት ሰው የተናገረው እውነት መሆኑ ነው ጭራሽ በሳቅ የገደላት።

ተረቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ፋዲ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ጊምጃ በይት ካልወሰድኩ አለ። አንድ እሑድ መኪና ውስጥ ገቡ። ተይታ ከፊት፣ ሰርክአዲስ ስልጆውን ታቅፋ ከኋላ። ዳገቱን ጥምዝምዝ እያሉ ወጡ። መንገድ ዳር ፖም የሚሸጡ ሽማግሌ ሲጠየቁ፣ አላውቅም ማለት ነውር መስሏቸው ነው መሰል፣ ሳያመነቱ ወደ ላይ ጠቆሙ። ወደ ላይ ሄዱ። አንዲት ምንጭ ያላት ትንሽ መንደር ሲደርሱ ፋዲ መኪናውን አቆመና ደርሰናል አለ።

"እርግጠኛ ነህ?" አሉት ተይታ።

"ድሮ ከማውቃት ትንሽ ተለውጣለች።"

ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው በሉ። ፋዲ የአያቱን የምግብ አሠራር ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ተይታ ዳቦ እያኘኩ ሰርክአዲስን በዓይናቸው ጠቀሷት። እሷ ግን መሳቁን ረስታው ነበር። የተራራው ብርድ ፊቷን ሲነካው አገሯ ካለው ሐይቅ፣ ከዘንገና አጠገብ ያለች መሰላት። ስልጆውን ጨረሰች።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ተይታ አልቅሰው ሸኟት። ፋዲ እስከ ዛሬ አያቱን እንዳመሰገነ ነው።

አሁን ሰርክአዲስ የምትኖረው እንጅባራ ነው። ባሏ ምንይችል ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ በጾም ስልጆ ትሸጣለች፤ ሰሊጥና ሎሚ የገባበት ስልጆ። መጀመሪያ ንግዱን የከፈተች ሰሞን ወይዘሮ አምሳለ ከግምጃ ቤት መጥተው ቀመሱት። ጤና አዳሙ አለበት፣ ሌላው ግን አልጣማቸውም መሰል ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ይኼ ስልጆ አይደለም" አሉ።

እንጀራ ጨምራ አቀረበችላቸው። ሳህኑን ጠርገው በሉት። ውኃ ጠጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በሩን አየት አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሎሚው መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቋት።

ሰርክአዲስ መጠኑን ሳትነግራቸው፣ ደንበኛ መጥቶልኛል ብላ እየሳቀች ወጣች።