ሞጣ ድረስ ታቅፌው የሄድኩት ኮምፒውተር

ይህ የገጠመኝ ቢቸና ኮምፒውተር በማስተምርበት ዘመን፣ ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። አሁን ወደ ትውልድ አገሬ ደሴ ተመልሻለሁ። ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫን አድርጌ በቅጽበት ሲወርድልኝ ግን ልቤ ተነስቶ ቢቸና ይሄዳል። ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች "ምን ነካት ይቺ?" ይላሉ። ምን እንደነካኝ ይኸው ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል ጥሩዓለም የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዓይነ ስውር ናት። ቤተሰቦቿ ያሉት በመርጡለ ማርያም በኩል፣ ገጠር ነው፤ አባቷ ቄስ ናቸው። እሷ ቢቸና ከተማ ከአክስቷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። መጽሐፉን ሁሉ ቁጭ ብላ የምታነብላት ይህቺው የአክስቷ ልጅ ነበረች። እሷ ኮሌጅ ደርሷት ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ጥሩዓለም አንባቢ አጣች።

አባቷ ይህን ሲሰሙ "የሚያነብላት ከሌለ እዚያ ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ" ብለው ላኩባት። ክፋት አይደለም፤ ልጃቸው ናት፣ አሳዝናቸው ነው። ልጅቷ ደግሞ አላለቀሰች፣ አላማረረች። ዝም ብላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። እኔን ያበገነኝ ያ ዝምታዋ ነው።

እኔ እንደሆንኩ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። "የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር አለ! አባትሽ ሳይመጡ አዘጋጅልሻለሁ" አልኳት። "እውነትሽን ነው ቲቸር?" አለችኝ። "ወላሂ!" አልኳት። ያን ጊዜ ቢቸና ኢንተርኔት እንዳልነበረ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች በሊኑክስ የሚሠሩ፣ ያገለገሉ ማሽኖች ናቸው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫነው ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ በመጻፍ ነው። የፕሮግራሙን ስም ትጽፉለታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ያ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን፣ ፓኬጅ የሚባሉ ሌሎች አጋዥ ፕሮግራሞች ራሱ እየለየ ከኢንተርኔት ያወርዳል። አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ኢንተርኔት ካለ ነገሩ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ከሌለ ግን ጉድ ፈላ።

አንድ ባልደረባዬ ሞጣ ከተማ ኢንተርኔት ባለው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ስልክ ሰጠኝ። ጋሽ ይበልጣል ይባላሉ። አይቻቸው አላውቅም። ደውዬ ችግሬን ነገርኳቸው። "ማየት ለተሳናት ልጅ ነው አልሽኝ? በይ ፍላሽሽን ላኪ" አሉኝ። ሌላ ጥያቄ የለ፣ ምን የለ።

ፍላሹን የሚያደርስልኝ ምናለ ነበር፤ በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር። በጨርቅ ቋጥሮ መሪው አጠገብ ካለችው የማርያም ሥዕል ሥር ያስቀምጥልኛል። "እሷ ትጠብቅልሽ ቲቸር" ይለኛል። እኔም ሙስሊሟ "አሜን" እላለሁ።

ፍላሹ መጣ። ጓጉቼ ልጭነው ስል ጥቁሩ ስክሪን "ይህ ፕሮግራም ሌላ ፓኬጅ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለም" አለኝ። የጎደለውን ስም ለጋሽ ይበልጣል በስልክ ነገርኳቸውና ፍላሹን መልሼ ላክሁ። የጎደለው መጣ። ያም ሌላ ይፈልጋል። የዚያም መጣ፤ ያኛውም ሌላ። የሙሽራ ቤተዘመድ ይመስል አንዱ ደስ ሲለው ሌላው ያኮርፋል! ምናለ ራሱ "ቲቸር፣ ይቺ ፍላሽ መንገዱን ከኔ በላይ ለመደችው እኮ" ብሎ ሳቀብኝ። ጥሩዓለም በየቀኑ የኮምፒውተር ላብራቶሪው በር ላይ ትመጣና "ተናገረ?" ትለኛለች። "ነገ" እላታለሁ። መልስ መስጠቱ ያሳፍረኝ ጀመር።

አባቷ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ንዴቴ ገንፍሎ ደወልኩ።

"ጋሽ ይበልጣል፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንዴ ያውርዱልኝ!"

"እንዴ! ሁሉንም ነው እኮ የማወርድልሽ። ደግሞ ሳልሞክር ልኬልሽ አላውቅም። እኔ ጋ እንደ ሰው ነው የሚያወራው!"

"እርስዎ ጋ ያወራል?"

"አዎና! መጀመሪያ በራሴ ማሽን ላይ ጭኜ፣ ማውራቱን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ከዚያ ነው ወደ ፍላሽሽ የማደርግልሽ። ያልሞከርኩትን ዕቃ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ነውር ነው።"

ራሴን ያዝኩ። ለካስ መጀመሪያ ሲሞክሩት ጊዜ የእሳቸው ማሽን የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቶ ለራሱ ጭኖታል! ከዚያ በኋላ ለኔ ሲያወርዱ "ሌላው ሁሉ አለኝ" እያለ ስሙን የጠሩለትን አንዷን ብቻ ይሰጣቸዋል። ለኔ ብለው መጠንቀቃቸው ነበር እንቅፋት የሆነብን። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ወይኔ ጉዴ! የልጅቷን ጊዜ የበላሁት እኔ ነኛ?" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። "ኧረ ጋሽዬ፣ ምን በወጣዎ!" አልኳቸው። ከዚያም የጎደለውን ጠንቅቆ የሚያውቀው የቢቸናው ኮምፒውተር ራሱ ስለሆነ፣ ይዤው እንደምመጣ ነገርኳቸው። ሌላም ዘዴ ነበር የሚል ባለሙያ አንባቢ አይጠፋም። ነበር ወንድሜ፤ የኔ ትዕግሥት ግን አልቆ ነበር።

ዳይሬክተራችን "የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከግቢ አይወጣም" ብሎ ትንሽ አንገራገረ። የጥሩዓለምን ነገር ስነግረው ግን በሩን ራሱ ከፈተልኝ። አርብ ጠዋት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ የምናለ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ ከጎኔ የተቀመጡ እናት።

"ኮምፒውተር ነው እማማ።"

"ምነው፣ አሞት ነው?"

"አዎ፣ ሞጣ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው" አልኳቸው። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን "አምጪው እስኪ፣ ክንድሽ ዛለ" ብለው ተቀበሉኝና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ምናለም ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ያዙልኝ!" እያለ ቀስ ብሎ ያልፋል። በዚያ መንገድ ለሰው እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ አያውቅም።

ጋሽ ይበልጣል ሞጣ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። አጭር፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ኮምፒውተሩን ከእጄ ነጠቁኝ።

ቢሯቸው ገብተን የኢንተርኔቱን ገመድ ሰካን። ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና የጎደሉትን በሙሉ ስማቸውን እየጠራ ስክሪኑን ሞላው። እኛ በፍላሽ አንድ አንድ እያልን ስንለቅም የከረምነው ያን ሁሉ ነበር! "ሁሉንም ልጫን ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ይበልጣል "በለው! አዎ በለው!" ብለው ጮኹ። መሐል ላይ መብራቱ ብልጭ ሲል ሁለታችንም ወንበራችንን ጨብጠን ቀረን። ግን አልጠፋም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒውተሩ ተንተባትቦ አንድ መስመር አማርኛ አነበበ። ጋሽ ይበልጣል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምሳ ሳልበላም አለቀቁኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቄሱ መጡ። ጥሩዓለም ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ የኔን "ነገ" ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል መሰለኝ። እጇን ይዤ ላብራቶሪው ውስጥ አስቀመጥኳትና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የታሪክ መጽሐፏን ቅጂ ከፈትኩላት። ማሽኑ ማንበብ ጀመረ።

"ኧረ ይሄስ ጥሬ እየቆረጠመ ነው የሚያነበው!" አሉ ቄሱ። ሳቅን። ጥሩዓለም ግን አልሳቀችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ቁልፎቹን አሳየኋት፤ ወዲያው ያዘቻቸው። አቆመችው፣ መለሰችው፣ እንደገና አስነበበችው። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

"አባ፣ ቲቸር" አለች። "አትቀየሙኝና እስቲ ውጡልኝ። ብቻዬን ላንብብ።"

ወጣን። በሩን ዘጋሁት። እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋኝ፤ ያን ሁሉ ለፍቼ ደስታዋን አጠገቧ ሆኜ ማየት አማረኝ። ቄሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"አየሽ መምህርት" አሉኝ፣ "እስከ ዛሬ ያነበበችውን ሁሉ ሌላ ሰው አብሯት ሰምቶታል። ደብዳቤ ቢጻፍላት እንኳ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ።" ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ። "በይ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ።"

"እሷስ አባ?"

"እሷማ እያነበበች ነው። ምን ብዬ ነው የማስነሳት?"

ብቻቸውን ሄዱ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ባንዴ ይወርድልኛል። ማንንም አላስቸግርም፣ ማንም ለኔ ብሎ አይቸገርም። ግን ያ መቸገር ይናፍቀኛል፤ ምናለ፣ እኚያ እናት፣ ጋሽ ይበልጣል ይናፍቁኛል። ጥሩዓለም ተምራ ጨርሳ ዛሬ ሥራ ይዛለች፤ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ያን ቅዳሜ በሩን ዘግታ ምን እንዳነበበች ግን ጠይቄያት አላውቅም። አልጠይቃትምም።