ሁለቴ ብቻ ጠራችኝ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ብቸና ያለው ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ሽልማት የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ስፖርት መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ አንድ ሙያ መማር፤ በመጨረሻም አዋቂ ሳይከተለን፣ ካርታ ይዘን እስከ ሞጣ በእግር መሄድ። ሁለት ወንዶች፣ ጓደኛዬና እኔ አንድ ቡድን ሆንን። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት የጂኦግራፊ መምህራችን በየማረፊያው ቀድመው ይጠብቁን ነበር። ትእዛዛቸው አጭር ነው፦ «ከተለያያችሁ ባላችሁበት ቁሙ። ስሙ የተጠራ ወዲያው አቤት ይበል።»

«ቲቸር፣ ይቺ ክፍል ውስጥም አቤት የምትለው ለራሷ ነው» አለች ጓደኛዬ ወደ እኔ እየጠቆመች። ሁሉም ሳቁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የገደል አፋፍ ይዘን ስንሄድ ጓደኛዬ ቀጥ አለች። «ውይ! ጀሪካኑን ምንጩ ጋ ረሳሁት። ጠብቁኝ፣ መጣሁ።» ቁልቁል ሮጠች። ወዲያው ጉም ወረደና የገዛ እግሬን እንኳ ሸፈነው። ወንዶቹ ቀደም ብለው ሄደው ካርታው ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

ስሜን ጠራች። ድምፁ የእሷ ነው፤ የመጣው ግን ከገደሉ በኩል ነበር።

በእኛ ዘንድ ጭር ባለ ቦታ ስሙ የተጠራ ሰው እስከ ሦስተኛው ጥሪ ዝም ይላል። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፤ ሰው ያልሆነው ከሁለት አያልፍም ይባላል። የመምህሩን ትእዛዝ አልረሳሁም። ግን ዝም አልኩ።

ደግማ ጠራች። አፌን ከፍቼ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። የወንዶቹም ጭቅጭቅ ጠፍቶ ነበር። እሷ ብትሆንስ? አንድ እርምጃ ብትስትስ? ያን ጊዜ ጮህኩ። ወንዶቹም መጥተው አብረውኝ ተጣሩ። የሚመልስ የለም።

ጉሙ ሲገለጥ ጓደኛዬ ከበላያችን ካለው ዳገት ወረደች፤ ጀሪካኑን ይዛለች፣ እስከ ጉልበቷ ረጥባለች። መጥታ አቀፈችኝ።

«ዛሬስ ያ ድምፅሽ ከየት መጣ! ሁለቴ ብጠራሽ ሁለቴም አቤት አልሽኝ፤ ሦስተኛ እንኳ አላስጠራሽኝም። በድምፅሽ ባልዞር ኖሮ ገደል ገብቼ ነበር።»

«እሷ? አቤት?» አለ አንደኛው ወንድ እየሳቀ።

ሁለቱንም ጥሪ ሰምቻለሁ። መልስ ግን አልሰማሁም።

ሞጣ ስንደርስ ጓደኛዬ የሆነውን ለመምህሩ ነገረቻቸው። እሳቸውም የምዘናውን ቅጽ አውጥተው «ማን ነው የመለሰላት?» አሉ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ጠቆመች። እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ። ጻፉት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ግን መጀመሪያ አጠገቤ ነበርሽ፤ ኋላ ደግሞ ከዳገቱ ላይ መለስሽልኝ። እንዴት በአንድ ጊዜ እዚያ ወጣሽ?»

«ሮጬ» አልኳት።

እጄን ያዘች። ብቸና እስክንደርስ አለቀቀችኝም።