ያልተላክሁበት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ ወረድኩ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ አንዲት መኪና ስትወጣ አየሁና ማንም ሳይቀድመኝ ቦታዋ ላይ ገባሁ። በሱቁ በር መስታወት ላይ፣ ከክፍል ኪራይና ከሞግዚት ማስታወቂያዎች መሃል፣ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለበት። "ወንድማችን በጽኑ ታሞ ሆስፒታል ይገኛል፤ በጸሎት አስቡት" ይላል። ከሥሩ ሐሙስ የሚጸለይበት ቤት አድራሻ ተጽፏል። ልጁ እየሳቀ ነው። ሰርግ ላይ የተነሣው ይመስላል፤ ክራቫቱ ላልቷል፣ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይታያል።

"ይድናል" አለችኝ ሂሳብ የምትቀበለው ልጅ፣ ወረቀቱን ሳነብ አይታኝ ኖሮ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

"ተሻለው እንዴ?"

"ኖ፣ ገና ነው። ግን ጌታ እንደሚያስነሣው ነግሮናል። ሾር ነኝ።"

በማን በኩል እንደነገራቸው ልጠይቃት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። "ጌታ ይርዳው" ብዬ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። ቦታዬን የሚጠብቅ ሹፌር ከኋላ ክላክሱን ቢያንባርቀውም አልተንቀሳቀስኩለትም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ሾር፣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። ሚድ ዊልሻየር ያሉ አሜሪካኖች ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ አዳራሻቸውን ተከራይተን እንገባለን። እነሱ በአንድ ሰዓት የሚጨርሱትን እኛ በአራት ሰዓትም አንጨርሰውም ነበርና የሕንፃው ጠባቂ ቁልፉን እያንቃጨለ በር ላይ ይቆማል። ብንቆጠር መቶ ብንሞላ ነው። ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ አዛውንት የሚጦር፣ የሚማር። እኔ ቀን ግሌንዴል ጫማ ቤት እሸጣለሁ፣ እሑድ በመዘምራን መስመር ከኋላ ቆሜ እዘምራለሁ። ፊት ለፊታችን፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ሽማግሌያችን ጋሼ ተክሉ ሁለቱንም ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው ይቀመጣሉ። ጥጡ የኛን ድምፅ ማጉያ መቃወሚያ ነበር። "እግዚአብሔር አልደነቆረም" ይሉን ነበር፣ በየሳምንቱ፣ ሳይሰለቻቸው።

ኪቦርድ የሚጫወትልን ዳዊት ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ጋርዴና ሰፈር ከእናቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራል። እትዬ አስካለ የአውሮፕላን ምግብ በሚያሽግ ድርጅት ሲሠሩ እሱን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከልምምድ በኋላ ዳዊት እኔንና ሁለት ሴቶችን በየቤታችን ያደርሰናል። የእኔ ቤት ከሁሉም ይቀርብ ነበር። መጨረሻ የምወርድበት ምክንያት ግን አጥቼ አላውቅም፤ አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሌላ ቀን ፋርማሲ። መንገድ ዳር ቆሞ ሥጋ በቂጣ ጠቅልሎ ከሚሸጠው የታኮ መኪና ያወርደንና ይጋብዘናል። እናቱ በፊልም ማስቀመጫ ብልቃጥ የሞሉለትን ሚጥሚጣ ከኪሱ ያወጣና ይነሰንስበታል፤ ሜክሲኮአዊው ሻጭ ቀምሶት እንባው እስኪመጣ የሳቀበት ጊዜ አለ። "ሴኒዬ" ይለኝ ነበር። ሁሉንም ሰው "ዬ" እያለ እንደሚጠራ ባውቅም የእኔውን ለብቻው ይዤ እገባ ነበር። እወደው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት ነበር፤ ጃካራንዳው ወይን ጠጅ አበባውን መኪና ላይ የሚያራግፍበት ወራት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ተሰብስበን ዳዊት ዘገየ። አዲስ ቢጫ ሸሚዝ ለብሼ ነበርና የእኔ መቆጣት ከሁሉም ይብሳል። "ዛሬስ አለቅነውም" እያልን ስንዝት ፓስተራችን ገባ። ኮቱን እንኳ አልለበሰም። ፍሪዌይ ላይ የጭነት መኪና ዳዊትን ከጎን እንደመታው የነገረን ቆሞ ነው፤ እኛ ግን አንድ በአንድ ተቀመጥን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የመጠበቂያው ክፍል ሞልቷል። አንድ ሰው ታሞ ሠላሳ ሰው ሲመጣ አይታ የማታውቅ ነርስ "የቤተሰብ አባል ብቻ" አለችን። ጋሼ ተክሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ዊ ኦል ፋሚሊ" አሏት፤ ሁላችንም ቤተሰብ ነን ማለታቸው ነው። ደጋግማ ብትጠይቃቸውም መልሳቸው ያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ክፍል ቤታችን ሆነ። የጠዋት ሺፍት ያለው ማታ፣ የማታ ያለው ጠዋት እየመጣ፣ እትዬ አስካለ ለአንዲት ሰዓት ብቻቸውን አልዋሉም። በየተራ ጾምን። የማንጾመው ፍርፍሩን፣ ዳቦውን፣ የምስር ሳምቡሳውን በአሉሚኒየም ትሪ እናጓጉዛለን፤ ኮሪደሩ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። በመዘምራን ልብስ ቀለም ተጣልተው ዓመት ሙሉ የተኮራረፉ ሁለት እህቶች በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲጸልዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ አስካለን ልብስ ይቀይሩ ብለን ወደ ጋርዴና ወሰድናቸውና እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ጸሎት ተጀመረ። ሙቀት ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ውጭ የአይስ ክሬም መኪናው ያቺን አንድ ዜማውን እየደጋገመ ያልፋል። ሶፋውን ተደግፈን ተንበርክከናል። ጸሎቱ ጋለ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው በጸሎት መሃል "ጌታ እንዲህ ይላል" ብሎ ከተናገረ፣ ቃሉ ከእሱ አፍ ቢወጣም የእሱ አይደለም ተብሎ ይታመናል። እኔ ከዚያ በፊት ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ደረቴ ነደደ፣ ቆምኩ፣ ጮኼም ተናገርኩ።

"ጌታ እንዲህ ይላል፦ ልጁ አይሞትም! ይነሣል፤ በዚህ ቤት ቆሞ ይዘምራል!"

"አሜን!" ሲሉ ቤቱ ተናወጠ። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ ጣሪያውን ደበደበ። እትዬ አስካለ በጉልበታቸው እየዳሁ መጥተው ሁለቱን እጆቼን ሳሙ። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ እህል የቀመሱት ያን ጊዜ ነው፤ እኔው ነኝ ያጎረስኳቸው።

ዋሸሁ ወይ? ስናገረው አምኜው ነበር። ፈልጌው ነበር፣ በጣም፤ መፈለግ እንዲያ ሲበረታ ከጌታ ድምፅ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ጥርጣሬው የመጣው ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ፣ የዳዊትን ያበጠ ፊት እንደገና ሳይ ነው።

ሰኞ ሐኪሞቹ እናቱን ጠሩ። ጋሼ ተክሉ እየተረጎሙላቸው፣ አንጎሉ ክፉኛ እንደተጎዳ፣ ከእንግዲህ እንደማይነቃ፣ የሚያስተነፍሰው ማሽኑ እንደሆነ ነገሯቸው። ማሽኑ እንዲነሣለት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው "ቃል ተሰጥቶኛል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ስመጣ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል። "ሴኒዬ፣ ቃሉን እስቲ ድገሚልኝ።" እደግምላቸዋለሁ። ማክሰኞ እንደነበረው ደገምኩ። ረቡዕ "በቅርቡ" የምትል ጨመርኩበት። ሐሙስ የዳዊትን የደረቀ ከንፈር ቫዝሊን እየቀቡ፣ "ሲነሣ ዓይኑስ ደኅና ነው? ያያል?" አሉኝ።

"ያያል" አልኳቸው።

ሥራ አልሄድኩም። ፓስተራችንን መኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። በዳዊት መኪና መንገዱን የማስረዘም ዘዴዬን ሳይቀር፤ ሳለቅስ ያንን ለምን እንደነገርኩት አላውቅም።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ ፓስተራችን። "ዝም ያልኩት እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። ለእትዬ አስካለ መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

የመጠበቂያው ክፍል እንደ ወትሮው ሞልቷል። ለእሳቸው ብቻ ልናገር አስቤ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ አስካለ፣ ያ ቃል ከጌታ አልነበረም። ከእኔ ነው። እንዲሞት ስላልፈለግኩ ነው። ስለምወደው ነው።"

አንዲት እህት ብድግ አለች። "በጌታ ስም ትጫወቻለሽ? እናቲቱን እንደዚህ ታደርጊያታለሽ?" ትክክል ነበረች። ወለሉን እያየሁ፣ ከዚህ በር እንደወጣሁ ማንም ዳግም ሰላም እንደማይለኝ እርግጠኛ ሆንኩ።

ጋሼ ተክሉ ተነሡ። "ልጅቷ ብቻዋን ነው የተናገረችው?" አሉ። "እኔ አሜን ብያለሁ። ሽማግሌ ነኝ፤ ቃል ሲመጣ መመርመር የእኔ ሥራ ነበር። አልመረመርኩም፤ ጮኼ አሜን አልኩ። ጥፋት ከሆነ ከእኔ ይጀመር።" ከበሩ አጠገብ አንዱ ታክሲ ነጂ "እኔም ብያለሁ" አለ። "እኔም።" "እኔም ብያለሁ።" በክፍሉ ዙሪያ ዞረ። ያቺ የገሠጸችኝ እህት የመጨረሻዋ ነበረች፤ ተቀመጠችና ፊቷን ሸፍና "እኔም" አለች።

እትዬ አስካለ ግን ዓይናቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም።

"ትወጂው ነበር?"

"አዎ።"

"ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ተነሥተው እጄን ያዙ። "እንግዲያው ነይ፤ ሳይሄድ ንገሪው።"

አስገቡኝ። እጁን አንሥተው እጄ ውስጥ አስቀመጡት። እሳቸው በአንዱ ጆሮው ጎንበስ አሉ፣ እኔ በሌላኛው። እሳቸው ያሉትን አልሰማሁም፤ እኔ ያልኩትንም እዚህ አልጽፈውም። ቀና ሲሉ በሩ ላይ ለቆሙት ለጋሼ ተክሉ፣ "ለሐኪሞቹ በቃ በልልኝ፤ ልጄን ለሰጠኝ መልሼ ሰጥቻለሁ" አሉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አልጋውን ከበን ዘመርንለት። ጋሼ ተክሉ ያለ ጥጥ መጥተው፣ "ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ይስማ" አሉን። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ዳዊት ዐረፈ።

በሐዘኑ ሰሞን ከሲያትልም ከዳላስም ሰው መጣ። እኔ ወጥ ቤት ተደብቄ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ሲያለቅሱ ሰው የማያይበት ሥራ እሱ ነው። እትዬ አስካለ አስጠሩኝና ፍራሹ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከሩቅ የመጡ ዘመድ፣ "ይቺስ ልጅ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ።

"እጮኛው ናት" አሉ እትዬ አስካለ።

ደንግጬ ቀና አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሁሉ ነገሩን ያውቃሉ፤ ስናዘዝ ሰምተውኛል። ፓስተራችን ሻዩን ቀመሰ። ያቺ የገሠጸችኝ እህት ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ጋሼ ተክሉ ከወንበራቸው ተነሥተው ለሚስት እንደሚባለው ዝቅ ብለው፣ "ጌታ ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ያረመ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፤ ባሌ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ገዛች፤ ሕንፃ በገዛች በጥቂት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለሁለት ተከፈለች። በምን እንደተጣላን ዛሬ ብጠየቅ በቅጡ አላስታውስም። ጋሼ ተክሉ ዐርፈዋል። ፓስተራችንም ሄዷል። እትዬ አስካለን የቀበርናቸው አምና ነው፤ እስከ መጨረሻቸው "የልጄ ሴኒ" ይሉኝ ነበር። ለታመመ ሰው ዛሬም እጸልያለሁ፤ እለምናለሁ እንጂ "ጌታ እንዲህ ይላል" ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሐሙስ ለዚያ ልጅ ወደሚጸለይበት ቤት እሄዳለሁ። ያቺን የሱቅ ልጅ ለማረም አይደለም። ልጁ ቢነሣ እሰየው፤ ባይነሣ ግን አጠገቧ መቀመጥ የሚችል ሰው ቢኖር ብዬ ነው።

ዳዊት ይናፍቀኛል፤ ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ፌርፋክስ ላይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ሳልፍ ሲያዩኝ እስከ ዛሬ "የዳዊት እጮኛ የነበረችው" ይባባላሉ፤ ከእነሱ አንዳቸውም የዚያን ጊዜ አልነበሩም፣ የሰሙትን ነው የሚሉት። ስቄ ሰላም እላቸዋለሁ። እጮኛው እንዳልነበርኩ የሚያውቁት፣ እያወቁም ዝም ያሉልኝ ሰዎች ናቸው የሚናፍቁኝ።