ከግንቡ ማዶ ያለው ጥላ

በዚያ ቀን ከእኔ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በመኝታ ቤቱ በቀጭን ቱቦ ከኦክስጅን ማሽኑ ጋር የተያያዘችው ባለቤቴ፤ ባትሪዎቹን ሊያይ መጥቶ መንገድ የተዘጋበት ወጣት የሶላር ቴክኒሺያን፤ ከግንቡ ማዶ ደግሞ ቤቴ የቆመበትን መሬት ቀድሞ ያርሱ የነበሩት ጎረቤቴ። ከእሳቸው ጋር ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተን» ከመባባል አልፈን አናውቅም።

ሰፈራችን ቡራዩ፣ ከገፈርሳ በታች፣ ገና መብራት ያልገባበት ነበር። ማሽኑ ቀን በሶላር ይሠራል፤ ማታ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር እናስነሳለን። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የአምቦን መንገድ ከዘጋ ወዲህ ግን ማደያዎቹ ቤንዚን በጀሪካን መሸጥ አቁመዋል። የመጨረሻውም ያን ዕለት ንጋት ላይ አለቀ። የቀረን ባትሪዎቹ ከፀሐይ የሚያገኙት ብቻ ሲሆን፣ ፀሐዩን ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ባሕር ዛፎች ይጋርዱታል።

ቴክኒሺያኑ ከጣሪያው ላይ ሆኖ «ፋዘር፣ አንዷ የሶላር ሰሌዳ ከተጋረደች ሌሎቹም ይሰንፋሉ፤ ተያይዘዋል» አለኝ። «በዚህ አያያዝ ባትሪው ሌሊቱን አይዘልቅም።»

ዛፎቹን ይቆርጡልኝ ዘንድ ጎረቤቴን ከዚያ በፊት ጠይቄያቸው ነበር። «መሬቱን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ጥላዬን?» አሉኝ። እኔ የገዛሁት ከሌላ ሰው ነው። ይህን ልነግራቸው አስቤ፣ መልስ ስላልመሰለኝ ተውኩት።

ከቀትር በኋላ በሩ ተደበደበ። መጥረቢያና ድንጋይ የያዙ ወጣቶች ናቸው።

«ትናንት ጄኔሬተር ሲጮህ ሰምተናል። ቤንዚን አምጡ፣ ለጎማ ማቃጠያ!»

ጄኔሬተሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄማ ከኔ ኪስ ብሶ ደርቋል» አለ። ሳቁ። ሌላው ግን አልሳቀም፤ ድንጋዩን በእጁ እየመዘነ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

«ያ የሚያብረቀርቀውስ?»

ቴክኒሺያኑ መሰላሉ ላይ እንዳለ ባለበት ቀረ። የማሽኑ ድምፅ በመስኮቱ ይሰማኝ ነበር።

«ኢጆሌ፣ ኮታ!» የሚል ድምፅ ከግንቡ ማዶ ልጆቹን ጠራ። ጎረቤቴ ናቸው። «ለመንገድ መዝጊያ ግንድ አይሻላችሁም? ዛፍ አለኝ፤ ኑ።»

ወጣቶቹ ዞረው ሄዱና በመንገዱ በኩል ያሉትን ዛፎች መቁረጥ ሊጀምሩ ሲሉ ጎረቤቴ ከለከሏቸው።

«እነዚያን አይደለም። ከግንቡ ሥር ያሉትን።»

«አባባ፣ እነዚህ ሩቅ ናቸው፤ ማን ይጎትታል?»

«ይህን ሁሉ ሆናችሁ ሦስት ግንድ ካቃታችሁ፣ መንግሥትን በምን ልትችሉት ነው?»

የመጀመሪያው ዛፍ ሲቆረጥ ወደ እኔ ጣሪያ ያዘነብል ጀመር። ጎረቤቴ ወደ ግቢዬ ብቅ ብለው «አንቱስ? ይምጡና ይሳቡ እንጂ! የሚወድቀው በጣሪያዎ ላይ ነው» አሉኝ። ከቴክኒሺያኑ ጋር ተሻግሬ በዛፉ ላይ የታሰረውን ገመድ ያዝኩ። ግንዱ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ባለቤቴ ቢብስባት ወደ ሆስፒታል የምወስድበት ከአምቦው መንገድ ሌላ የለኝም። ይህን እያወቅሁም ሳብኩ። ዛፉ በጎረቤቴ እርሻ ላይ ሲወድቅ ግንቡ ተንቀጠቀጠ።

ሦስተኛው እንደወደቀ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ሞላ። «ኃይል እየገባ ነው ፋዘር!» አለ ቴክኒሺያኑ። ወጣቶቹ ግንዶቹን ወደ አምቦ መንገድ እየጎተቱ ሄዱ።

ባለቤቴ «ምንድን ነው የወደቀው?» አለችኝ።

«የጎረቤታችን ዛፎች።»

ትንፋሿን ሰብስባ «ሰጡህ ወይስ ተወሰዱባቸው?» አለች።

ቱቦዋን አስተካከልኩላት። ባትሪው ሌሊቱን ዘለቀ።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች። ቴክኒሺያኑ ወደ አገሩ ወላይታ ተመልሷል። ማሽኑን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ሰሌዳዎቹ ለአንድ አምፖልና ለሬዲዮ ይተርፋሉ። ጉቶዎቹ አቆጥቁጠው ከግንቡ አልፈዋል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጥላቸው እንደ ድሮው ይመጣል። ይቆረጡልኝ ብዬ አልጠየቅሁም።

ከአራታችን እዚህ የቀረነው ሁለት ነን፤ አንዳችን ከግንቡ ወዲህ፣ አንዳችን ከግንቡ ወዲያ።